ለእማዬ ጊታር የመረጥኩት እንጨት

ባለፈው ወር ሴቻ ሰፈር አንድ አናጢ ቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ ገብቼ ነበር። አናጢው ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰጋቱራውን ከወንበር ላይ ጠርጎ አስቀመጠኝ። ስለ ልኩ እየተነጋገርን ሳለ የሥራ ጓደኛው ጥግ ላይ ቆሞ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ መላግ ጀመረ። ላዩ በጭስ የጠቆረ ነው። መላጊያው ሁለት ሦስቴ እንደተመላለሰበት ከሥሩ ቀይ ብቅ አለ፤ ሽታውም ወዲያው ተከተለው። ጥድ ነው። እርሳስ ቀርጾ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ሽታ ያውቀዋል።

ልኩን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ልጁ እስከ በሩ ተከትሎኝ መጣ።

«እትዬ፣ ምነው? አቧራው ነው?»

«አዎ፣ አቧራው ነው» አልኩት።

ስለ እንጨት መዋሸት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የጀመርኩት አራተኛ ክፍል ሆኜ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው እዚሁ ከተማ፣ ታች ሲቀላ ሰፈር ነበር፤ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ከአባያ ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ሲነሳ የቆርቆሮው ጣሪያ ከሚንኳኳባቸው ቤቶች በአንዱ። አባቴ ኤልያስ ይባላል፤ ሰፈሩ ጋሽ ኤልያስ ይለዋል። አናጢ ነው። የሚሠራበት ቤት ከመኖሪያችን ፊት ለፊት ስለነበረ እኔ ያደግኩት ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ሆኜ ነው። ወጣት ሳለ ብዙ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ላይ ሠርቷል። ማሽኑ ጣቶቹን ማረለት፤ ጆሮውን ግን ወሰደበት። ጨርሶ ደንቆሮ አልነበረም። ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ሰውም ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያናግረው ይሰማል። ቀጭን ድምፅ ግን ለእሱ የለም። ወፍ አይሰማም፣ ፉጨት አይሰማም፣ የስልክ ጥሪ አይሰማም።

ስለዚህ ጆሮው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ይዤ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ እላለሁ። ስልኩ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ሲጮኽ «አባዬ፣ ስልክ!» እላለሁ። መጋዙ የተደበቀ ምስማር ነክቶ ሲያፏጭ «ተው፣ አቁም!» እላለሁ። እሱም ዞር ሳይል ያቆማል። ትልቅ ሰው፣ ያውም አባቴ፣ እኔ ተው ስላልኩት ብቻ እጁን ሲሰበስብ ማየት ምን ያህል ያኮራኝ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ይለኛል። ከዶርዜ ከወረደ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ሲደሰት «አንቺ» የምትለዋ ትጠፋበታለች። እማዬ ትስቅበታለች፤ እሱ ምን እንዳሳቃት አይገባውም።

አባቴ በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሣጥን ይሠራል። ሰው ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሣጥን ይሠራል። ከሟች ቤት የሚመጣ ሰው ብዙ አይናገርም። ከኪሱ ሲባጎ ያወጣል። ሲባጎው ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ፤ አንዱ የቁመቱ፣ አንዱ የትከሻው ስፋት። አባቴ ይቀበልና ጣውላ ላይ ዘርግቶ በየቋጠሮው ትይዩ በእርሳስ ያሰምራል። ፊደል ሳልቆጥር ይህን አንብቤ ጨርሻለሁ። ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ ከታየ አንድ ሰው የለም ማለት ነው።

እናቴ አስቴር በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ጊታር የምትመታ ብቸኛ ሴት ነበረች። ጊታሩ የመዘምራኑ ቢሆንም የሚያድረው እኛ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ልቧን ያማት ጀመር። ሐኪሞቹ ያሉትን ማንም ለእኔ አልነገረኝም። እኔ የማውቀው ከቧንቧው ውኃ ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሦስቴ እንደምትቀመጥ ነው። እግሯ አበጠ፤ ጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ከገና በኋላ አልጋ ላይ ዋለች። ለጥ ብላ መተኛት ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት ሦስት ትራስ ደርድረን አጎበሩን ሰቅለን በጀርባዋ ደገፍ አድርገን እናስቀምጣታለን።

አንድ እሁድ የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ዮሐንስ ሊጠይቃት መጥቶ ጊታሩን ሰጣት። ታቀፈችው። አንድ መስመር ሳትጨርስ ላብ አጠመቃት።

«ውሰደው ዮሐንስ» አለችው እየሳቀች፤ «እኔ ልታቀፈው ብል እሱ ይጋልበኛል።»

ጋሽ ዮሐንስ ሳቀ፤ ሲወጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር የወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ግራ እጇን ቀኝ ክንዷ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ትጫናለች፣ ታነሳለች፣ ትጫናለች። ምን እየመታች እንደሆነ ስጠይቃት «ገምቺ» ትለኛለች። ጣቶቿን አይቼ መዝሙሩን እገምታለሁ፤ ሳገኘው ጉንጬን ትቆነጥጠኛለች። ክንዷ ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀይ ሆኖ ይቆይ ነበር።

የጥር አጋማሽ ይመስለኛል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ውሾቹን ሁሉ ከየአጥሩ ሥር የከተተበት ሰዓት። ውኃ ልጠጣ ገብቼ በመጋረጃው ክፍተት አየሁ። እማዬ ትራሶቿን ተደግፋ ተኝታለች። አባቴ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኳል። ሲባጎ ይዟል። ከትከሻዋ ላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ታች ዘረጋውና ቋጠረ። ቀጥሎ ደረቷ ላይ ሳይነካት አሻግሮ አስጠጋው፤ ሁለተኛውን ቋጠረ። እንዳትነቃ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ሮጬ ወጣሁና ከአናጢ ቤቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ መጣ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። ግድግዳ ተደግፈው ከቆሙት ሁለት ረጃጅም የዋንዛ ጣውላዎች አንዱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ፣ ሲባጎውን ዘረጋበት፣ በእርሳስ አሰመረ። ከዚያ ሲባጎውን ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም። የተናደድኩት በእሱ ነው። በሕይወት እያለች ልኳን ወሰደ ብዬ ጠላሁት። ማታ ራት ላይ ሽሮውን ሲያጎርሰኝ አፌን ዘጋሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «አመመኝ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

በአልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩን አሰላሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ የሬሳ ሣጥን ሳይኖረው የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ሣጥን ከሌለ ሞት የለም። ነገሩ በቃ ይህ ነው። እማዬን የሚገድላት ልቧ ሳይሆን እነዚያ ሁለት የዋንዛ ጣውላዎች ናቸው። አባቴ ደግሞ «እርጥብ እንጨት ለምንም አይሆንም» ማለት ልማዱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ከታጠብኩበት ውኃ አንድ ጣሳ ቀድቼ ከጣውላዎቹ ጀርባ ደፋሁ። ከዚያ በየቀኑ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ አንድ ጣሳ አጠጣቸው ነበር። አባቴ እንጨቱን እየዳበሰ «ይሄ ዋንዛ መድረቅ አቃተው እኮ፤ የሐይቁ ነፋስ ነው መሰለኝ» ይል ነበር። እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ።

በየካቲት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የተሰበረ ጊታር አገኘሁ። ሆዱ ተሰባብሯል፤ አንገቱና መቃኛዎቹ ግን ደህና ናቸው። ጋሽ ዮሐንስ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ፈልጎ ያመጣለት ነው።

«ለእናትህ ትንሽ ጊታር ልሠራላት ነው» አለኝ አባቴ፤ «እንደ ሕፃን የምትታቀፈው፣ የማይከብዳት። ዝም በል፣ እንዳትነግራት።»

ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን እዚያው ላይ ተበላሸ። ጊታሩንም ሣጥኑንም ሊሠራላት ነው ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ጊታሩን፣ ከዚያ ሣጥኑን። ስለ ሲባጎው አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሳውም።

አባቴ ጊታር ሠርቶ አያውቅም። ለመዘምራኑ ሁለት ጊታር ከፍቶ ጠግኗል፤ እዚያ ውስጥ ያየውን ነው የሚያውቀው። ጎኑን ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር በወጣ ቀጭን ደረቅ ዋንዛ ሠራው። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በከሰል የጋለ የብረት ቱቦ ላይ እያሻሸ ቀስ በቀስ አጎበጠው። እንጨት እንደዚያ እሺ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። ጀርባውንም ከዚያው በር አወጣ። በኮላ አጣብቆ በተቆራረጠ የባጃጅ ከመነዳሪ ጠፍሮ አሰረው። የቀረው ፊቱ ነው፤ ገመዶቹ የሚወጠሩበት፣ ቀዳዳው ያለበት።

«ጀርባው ይሸከማል እንጂ አይናገርም» አለኝ። «የሚናገረው ፊቱ ነው። ፊቱ ከከበደ ገመዱ ይደክማል። ፊቱ ቀሎ ደረቅ ከሆነ ገመዱን ገና ስትነኪው ይነሳል።»

ለፊቱ ሁለት እንጨት ነበረው። አንደኛው ያ ዋንዛ ነው። ሁለተኛው ጥድ ነው፤ ከአያቴ ቤት፣ ከዶርዜ የመጣ። የአያቴን የቀርከሃ ቤት ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ያጥር ነበር። አያቴ ሲሞት በሩ ጎንበስ ብሎ ካልሆነ አያስገባም ነበር ይባላል። አባቴ ከዚያ ያመጣው ሁለት ጣውላ ብቻ ነው፤ የአያቴ መኝታ የነበሩ፣ አርባ ዓመት ጭስ የጠጡ። ከጣሪያው ሥር በወራጆቹ ላይ ተጋድመው ነበር የሚኖሩት። ጥቁር ስለነበሩ እኔ የጣሪያው አካል ይመስሉኝ ነበር እንጂ እንጨት ብዬ ቆጥሬያቸው አላውቅም።

አንዱን አውርዶ ጥግ ጥጉን ላገው። ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣው። ከዚያ ጥዱንና ዋንዛውን ጫፋቸውን በገመድ አስሮ ከወራጁ ላይ ጎን ለጎን አንጠለጠላቸው፤ መሬት እንዳይነኩ።

«ነይ፣ ስሚልኝ» አለኝ። ዋንዛውን በጣቱ መገጣጠሚያ መታው።

ዱብ አለና ዝም። የበቆሎ ጆንያ እንደመምታት።

ጥዱን መታው። ከቶ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። ድንን አለ፤ አባቴ እጁን ካነሳ በኋላም አላቆመም። ቆርቆሮው ድረስ የወጣ መሰለኝ፤ ከዚያ እየቀጠነ እየቀጠነ ጆሮዬ ውስጥ ቆየ። እማዬ ጤነኛ ሳለች የመዝሙር መጨረሻ ላይ ድምፅዋን የምትለቀው እንዲህ ነበር።

«የቱ ነው የሚናገረው?» አለኝ።

የዋንዛውን የእርሳስ መስመር አየሁ። ተንጠልጥሎ እንኳ ይታያል። ከዚህ ጣውላ ላይ የጊታር ፊት ከተቆረጠ የሚቀረው እናቴን አይበቃም።

«ዋንዛው» አልኩ።

አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። «ለእኔም ዋንዛው ነው የሚሰማኝ። ግን የእኔን ጆሮ ታውቂዋለሽ፤ ወፍራሙን ብቻ ነው የሚያሰማኝ። ለዚህ ነው አንቺን የጠራሁሽ። ጥዱን ስመታው ከንፈሬን የሚያሳክከኝ ነገር አለ። ድምፁ ግን አይመጣልኝም።» እንደገና መታቸው። «ደህና አድርገሽ ስሚ። እናትሽ ናት።»

«ዋንዛው ነው አባዬ።»

ገብቶ የእማዬን ሻርፕ አመጣና ዓይኔን አሰረ። የጣውላዎቹን ቦታ ሲያቀያይር ገመዱ ሲንሿሿ ይሰማኛል። የትኛው የት እንዳለ እንዳላውቅ ነው። ሞኝነቱ! ጥዱ ይሸታል። ዓይኔን አስሮ አፍንጫዬን ረሳው። መታ፤ ዱብ። መታ፤ ድንን። ሽታው በግራ በኩል ነበር፣ እኔ ወደ ቀኝ ጠቆምኩ። እንደገና አቀያየረ። ሽታው በቀኝ መጣ፣ ወደ ግራ ጠቆምኩ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን፤ ሦስቴም አልተሳሳትኩም።

«ማይ» አለኝ። እኛ ቤት መማል አይፈቀድም። አባቴ ራሱ ማይ ሲለኝ ያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው። በእግዚአብሔር ስም ማልኩ፤ የእማዬ ሻርፕ ዓይኔ ላይ እንደታሰረ።

ሻርፑን ሲፈታልኝ ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ ዛሬም አለ። ራሴን አሻሸኝ። ጥዱን ወደ ወራጆቹ መልሶ ሰቀለው፤ ዋንዛውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ መጋዙን አነሳ። መጋዙ መስመሩን ሲያልፈው ሰጋቱራው ላይ ዘለልኩ። አዳንኳት ብዬ ነበር።

ዋንዛው አስቸገረው። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ሲላግ ግን ከውስጥ ቀዝቃዛ ነው። ከሰል አጠገብ አቁሞ አደረቀው። እንዳይጣመምበት ስለፈራ ማሳሳት የሚገባውን ያህል አላሳሳውም። ፊቱን አጣብቆ ከጠፈረው በኋላ ለአንገቱ ልክ ሊወስድ ደረት ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። ያን ሲባጎ አወጣ። ያ ሲባጎ ነው፤ ሁለቱ ቋጠሮ አለበት።

«ይኸውልህ» አለኝ እየሳቀ፤ «ይቺ ቋጠሮ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ነው፤ አንገቱ ከዚህ አይበልጥም፣ እጇን ሳትዘረጋ እንድትደርስበት። ይቺ ደግሞ የደረቷ ስፋት ናት። ሆዱ ከዚህ አይበልጥም፣ እንዳይጫናት። ተኝታ ሳለ ነው የለካኋት፤ አላወቀችም።»

ሲባጎውን ጊታሩ ላይ ዘረጋው። ገጠመ። ልክ ነው።

መናገር እችል ነበር። ኮላው ገና አልደረቀም፤ ከመነዳሪውን ፈትቶ ፊቱን ማንሳት ይቻል ነበር። አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ጥዱ ነው ማለት ይበቃኝ ነበር። አልተናገርኩም። የማልኩት ትዝ አለኝ፤ የደፋሁት ውኃ ትዝ አለኝ፤ ሲስቅ አየሁት። ከዚህ በላይ ምክንያት የለኝም። ሰው «ልጅ ነበርሽ» ይለኛል። ልጅ ነበርኩ። የማውቀውን ግን አውቅ ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ ሰጣት። ጋሽ ዮሐንስ ከሐዋሳ አዲስ ገመድ አስመጥቶ ነበር። እማዬ ጊታሩን ስታየው ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታቀፈችው፤ አልከበዳትም፣ ደረቷን አልተጫናትም፣ ጣቶቿ ያለ ችግር ደረሱ። ቃኘችው። መታችው።

ዱብ ዱብ ዱብ። ገመዶቹ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ይመስሉ ነበር። ድምፁ ከአጎበሩ አልወጣም።

አባቴ ድምፁን ሳይሆን ፊታችንን ነበር የሚያየው። መጀመሪያ የእሷን፣ ከዚያ የጋሽ ዮሐንስን፣ ከዚያ የእኔን። እማዬ ፈገግ አለች። ጋሽ ዮሐንስ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለስለስ ያለ ነው፤ ለቤት ጥሩ ነው» አለ። እኔ አጨበጨብኩ። አባቴ ባዶ እጁን ሱሪው ላይ ሲያሻሽ ትዝ ይለኛል።

ወንዶቹ ሲወጡ ጠራችኝ።

«ፊቱን የመረጥሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ሌላኛውስ እንዴት ነበር?»

እዚያ ላይ ነው እንባዬ የመጣው። ሁሉንም ነገርኳት። ሲባጎውን፣ ጣውላውን፣ ውኃውን፣ ሻርፑን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ጭንቅላቴን ያበጠ ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሬን ስትነካካ ቆየች።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ጆሮው ይበቃዋል፤ ሌላ አትጨምሪበት።» ቀጥላም «እንግዲህ ዋንዛው አለቀ አይደል?» አለችኝ።

«አለቀ። የቀረው አጭር ነው፤ ሌላኛውን ደግሞ ለሰው በር አደረገው።»

«ጎበዝ» አለችኝ። «ጎበዝ ልጅ።»

እኔ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ወሰድኩት። አንድ ወር ሙሉ አመንኩት። እሷ በየቀኑ አባቴ ሲገባ ጊታሩን አንስታ ትመታለች፤ ሲወጣ ትተወዋለች። ድምፅዋን ከጊታሩ በታች አድርጋ ነበር የምትዘምረው፤ እንዳታጋልጠው ይመስለኛል። በኋላ በኋላ መቀመጥም ሲያቅታት አባቴ ጊታሩን ራስጌዋ ባለ ምስማር ላይ ሰቀለው። እሷም ወደ ክንዷ ተመለሰች። ጣቶቿ ደክመው ስለነበር ክንዷ ላይ ምልክት አይወጣም። «ገምቺ» አትለኝም። እኔ ግን እገምታለሁ፤ አላገኘውም።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ሞተች። ለምሳ የሚቀቀል የሽፈራው ቅጠል ቆርጬ ስገባ ጎረቤቶቻችን አልጋውን ከበው ነበር። ጮኹ። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሣጥን እኮ የለም አልኩ። በሆዴ እየደጋገምኩ ሣጥን የለም፣ ሣጥን የለም እል ነበር።

ሰዎቹ አባቴን ለመኑት። «ጋሽ ኤልያስ፣ አንተ ቁጭ በል፤ ሌላ አናጢ ይሥራላት» አሉት። አልሰማቸውም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። አናጢ ቤቱ ገብቶ ዙሪያውን ተመለከተ። የሚበቃ ዋንዛ የለም። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ሁለቱን የጥድ ጣውላዎች አወረዳቸው። የአያቴ መኝታ የነበሩ ናቸው፤ ሰው ለማስተኛት ቁመታቸው ይበቃል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልታሰበኝም።

ሲልጋቸው ሽታው ዝናቡን አልፎ ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ሳለ የመጀመሪያውን ምስማር መታ። ድንን። ሁለተኛውን መታ። ድንን። ሣጥኑ እየተጣበቀ ሲሄድ ድምፁ እየበረታ መጣ፤ እያንዳንዱ ምት ሌላው ሳያልቅ ይደርስበታል። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

አባቴ መዶሻውን አቆመ። ግራ እጁን ክዳኑ ላይ እንዳደረገ ነበር። መዳፉን አነሳና እንደገና ዘርግቶ አስቀመጠው። በቀኝ ጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን እንጨቱ ላይ አስጠጋ፤ እንደዚያው ሆኖ አሁንም መታው። ሰዎቹ የሚስማት መሰላቸው፤ አንዱ ትከሻውን ያዘው። እሱ ቀና ብሎ ፈለገኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። መጀመሪያ ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

የመቃብሩ አፈር ዝናብ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። መዘምራኑ አንዱን መዝሙር ጨርሰው ሌላውን ሳይጀምሩ የመጀመሪያው አካፋ አፈር ክዳኑ ላይ ወረደ። እማዬ ውስጥ ሆና ያ ጥድ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ረጅም ድምፅ ከእንጨት ሲወጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጋሽ ዮሐንስ ከመዝሙር ደብተሩ ላይ ቀና አለ። ከዚያ ሁለተኛው አካፋ፣ ሦስተኛው፤ እየታፈነ፣ እየወፈረ ሄደ፤ በመጨረሻ ልክ እንደ ጊታሩ ሆነ፣ ከዚያም ዝም አለ።

ሐዘንተኛው ሲበተን ትምህርት ቤት ተመለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ስወጣ እንደ ልማዴ ደብተሬን ይዤ አናጢ ቤቱ ገባሁና ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ የሰው በር እየሠራ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

«አባዬ፣ ስልክ» አልኩት።

መጋዙን አቁሞ መጣ። የስልኩን መስታወት አየ፤ እውነት የሚደወል መሆኑን አየ። አነጋግሮ ሲጨርስ ስልኩን ትንሽ ነካካና ጥሪውን ወደ ንዝረት ለወጠው። ከዚያ ሲባጎው የነበረበት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወደ ሥራው ተመለሰ።